የተሻረው ጄኔራል ደመወዝ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ተረት። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ አንድም ቀን ጎደሎ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ሰው ሲሾም ይበላል፣ ሲሻር ይጾማል፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ተረቱ ያልመለሰው አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ተሽሮም የሚበላ ሰው ምን ይሆናል? የሻረው እጅ መልሶ የሚያጎርሰው ሰው፣ ጉርሻው በአፉ እያለ ምን ሊናገር ይችላል?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ሃይንዝ ጉደሪያን የሚባል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊ የታንክ ጄኔራል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢ፣ እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን ከቁጥርና ከፊርማ ጋር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ታዲያ ከዚህ ሰው ጋር ምን አገናኘኝ?

የዛሬ ስምንት ዓመት ግድም በብድር ክፍል ስሠራ አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ለመያዣነት የቀረበው ሕንፃ የተገመተበት ዋጋ፣ ሄጄ በዓይኔ ካየሁት ሕንፃ ጋር አልገናኝ አለኝ። «በግምቱ አልስማማም» ብዬ በፋይሉ ላይ ጽፌ ፈረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት የዝውውር ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ወደ መዝገብ ቤት። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አቧራ ከጠጡ የድሮ ሌጀሮች ጋር አሥራ ዘጠኝ ወር ተቀመጥሁ። ደመወዜ አልተቀነሰም። ይህችን ነገር አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የጉደሪያንን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት በዚያ ወራት ነው። የገዛሁትም ስለ ጦርነት ለማወቅ አልነበረም። ሻጩ መጽሐፉን እያገላበጠ «ይሄ ሰውዬ ለሂትለር እውነቱን ተናግሮ የተባረረ ነው» ስላለኝ ነው። በመዝገብ ቤት ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።

ጉደሪያን በ1888 ዓ.ም. ተወለደ። ታንክ ከእግረኛ ጦር ጀርባ የሚያዘግም አጃቢ መሆኑ ቀርቶ፣ ራሱን ችሎ በሬዲዮ እየተገናኘ ጠላትን ሰንጥቆ የሚያልፍ ኃይል መሆን አለበት ብለው ከተከራከሩት መኮንኖች አንዱ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ ጽፏል። በሜይ 1940 ጦሩ ሰዳን ላይ የሜዝን ወንዝ ተሻግሮ በሳምንት ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ሲደርስ ስሙ በዓለም ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት ሶቭየት ኅብረት ስትወረር ከአራቱ የታንክ ቡድኖች አንዱን እየመራ ወደ ሞስኮ ገሠገሠ።

ሞስኮ ግን አልተያዘችም። በ1941 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የጉደሪያን ጦር ቱላ በምትባለው ከተማ ደጃፍ ላይ ቆመ። ብርዱ ሞተሩንም ሰውንም ያዘ፤ ቀይ ጦርም መልሶ ማጥቃት ጀመረ። ሂትለር «ከያዛችሁበት አንዲት እርምጃ እንዳታፈገፍጉ» የሚል ትእዛዝ አወጣ። ጉደሪያን በዲሴምበር 20 በአውሮፕላን ተነሥቶ ወደ ሂትለር ዋና ሰፈር ሄደና ለሰዓታት ተከራከረ። ቆፍራችሁ መሽጉ ሲባል መሬቱ በውርጭ ደርቆ አካፋ እንደማይበሳው ተናገረ። አልተደመጠም። ወደ ጦሩ ተመልሶ ክፍሎቹን ወደ ኋላ መሳቡን ቀጠለ፤ ከአለቃው ከፊልድ ማርሻል ክሉገ ጋርም ተጣላ። በዚያው የገና ሰሞን ከሥልጣኑ ተሻረ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ በደስታ የተቀመጥሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። «ይኸውልህ፣ አንተ ብቻ አይደለህም» አልሁ ለራሴ። አንድ ታላቅ ሰው ያየውን ተናገረ፣ ስለ ተናገረም ተሻረ። በመዝገብ ቤት ያለች ነፍስ ራሷን የምታጽናናው በእንደዚህ ያለ ዝምድና ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሰውየው የታሪክ ጸሐፊዎች የጻፉትን መፈለግ ጀመርኩ። ምነው ባልጀመርኩ ያልኩበት ጊዜ ነበር።

በመጀመሪያ ያገኘሁት ሌላ የተሻረ ጄኔራል ነው። ኤሪክ ሆፕነር ይባላል። እርሱም ወደ ሞስኮ የተላከ የታንክ ቡድን አዛዥ ነበር። ጉደሪያን ከተሻረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 8 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ ሊከበብ የነበረ የጦር ክፍሉን ሳያስፈቅድ ወደ ኋላ በመሳቡ ተባረረ። ሁለቱም በአንድ ክረምት፣ በአንድ ጥፋት ተሻሩ። ቅጣቱ ግን የተለያየ ነበር። ሆፕነር ጡረታው እንዲቀር፣ የደንብ ልብሱን እንዳይለብስ ተፈረደበት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ያገራችንን ብሂል አልሰማምና መንግሥቱን ፍርድ ቤት ከሰሰ። የሚገርመው ነገር ረታ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል 26 የጀርመን ምክር ቤት ሂትለር ማንንም ባለሥልጣን ያለ ምንም የሕግ ሥርዓት መሻር እንዲችል ሙሉ ሥልጣን አጸደቀለት። ንጉሡ እንደገና የማይከሰስ ሆነ።

ሆፕነርን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። በ1941 ዓ.ም. ወረራው ከመጀመሩ በፊት ለጦሩ ያወጣው መመሪያ፣ ጦርነቱ ያለ ርኅራኄ መካሄድ ያለበት የዘር ትግል ነው የሚል፣ ጥላቻ የተጫነው ሰነድ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ፊርማው አውጥቶ፣ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ለመሆን መሞከሩ የታሪክ እንቆቅልሽ ነው።

ሁለተኛው ያገኘሁት ነገር ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛነቴ ነቃ።

ሂትለር በቤተ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በሃንስ ላመርስ በኩል የሚንቀሳቀስ «ሒሳብ ቁጥር 5» የሚባል ምስጢራዊ ገንዘብ ነበረው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ሒሳብ ለፊልድ ማርሻሎች በየወሩ 4000 ራይኽስማርክ፣ ለኮሎኔል ጄኔራሎች ደግሞ 2000 ራይኽስማርክ ይከፈል ነበር። ግብር አይቆረጥበትም። ከመደበኛው ደመወዝ በላይ ነው። ተቀባዮቹ ነገሩን በምስጢር እንዲይዙት ይነገራቸዋል፤ ጠባያቸው ካላማረም ክፍያው ሊቆም እንደሚችል ያውቃሉ። ጉደሪያን ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ልብ በል። ጉደሪያን በዲሴምበር 1941 ሲሻር ይህ ክፍያ አልቆመም። ሰውየው ከጦር ሜዳ ወጥቷል፣ ጦር የለውም፣ ትእዛዝ አይሰጥም፣ በርሊን ቤቱ ተቀምጦ ልቡን ይታከማል፤ ወር በገባ ቁጥር ግን ገንዘቡ ይገባል። በእኛ ቋንቋ «ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ» እንለዋለን። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ማንም መጥቶ ካላስቆመው በቀር ወር እየጠበቀ ራሱን ይፈጽማል። ቁጣ አያውቅም፣ ሹም ሽር አያውቅም። እኔ እንዲህ ያሉ ሒሳቦችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከሒሳቡ ባለቤት ይልቅ ስለ ከፋዩ ብዙ ይናገራሉ። ከፋዩ «ተጣልተናል እንጂ አልተፋታንም» እያለ ነው።

በዚህም አላበቃም። ጉደሪያን በተሻረበት በ1942 ዓ.ም. በጀርመን በተያዘችው ፖላንድ ርስት ያፈላልግ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ዳይፐንሆፍ የሚባል ከዘጠኝ መቶ ሄክታር በላይ የሆነ እርሻ ከሂትለር ተሰጠው። ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ራይኽስማርክ በላይ ነበር። ፖላንዳውያኑ ባለቤቶች ከዚያ ተባርረዋል። እኛ ጉልት ምን እንደ ሆነ ከታሪካችን እናውቃለን፤ ንጉሥ ለጦር አበጋዙ መሬት ሲሰጥ የሚሰጠው መሬቱን ብቻ አይደለም፤ አበጋዙን ራሱንም ይወስደዋል። ጉደሪያን ያን ጊዜ ደጅ ጠኚ ነበር። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ደጅ የሚጠናው ሰው እጅ መንሻ ይዞ ሲሄድ፣ እርሱ ዘንድ እጅ መንሻው ከባለ ደጁ ወደ ደጅ ጠኚው መምጣቱ ነው።

በ1942 ዓ.ም. መስከረም ሮሜል ከአፍሪካ ታሞ ሲመለስ በቦታው ጉደሪያን እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። ሂትለር አልተቀበለም። ከዚያ ስታሊንግራድ ወደቀች። በፌብሩዋሪ 1943፣ ስድስተኛው ጦር እጁን ከሰጠ ሳምንታት ሳይሞሉ፣ ጉደሪያን ወደ ዩክሬን፣ ወደ ቪኒትሳ ተጠራ። ማስታወሻው እንደሚተርከው ሂትለር በለዘበ አንደበት ተቀበለው፤ ያለፈው አለመግባባት እንዳሳዘነው፣ አሁንም እንደሚያስፈልገው ነገረው። ጉደሪያንም የብረት ለበስ ጦር ጠቅላይ ኢንስፔክተር ሆነ። የታንክ ሥልጠና፣ አደረጃጀትና ትጥቅ በእጁ ገባ፤ ተጠሪነቱም በቀጥታ ለሂትለር ሆነ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራው ታታሪ ነበር። ከጦር መሣሪያ ሚኒስትሩ ከአልበርት ሽፔር ጋር እየሠራ የታንክ ምርት ከፍ እንዲል ደከመ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ተከራከረ። በሜይ 1943 በኩርስክ ላይ የታቀደውን ማጥቃት ተቃወመ። «ፓንተር» የሚባለው አዲሱ ታንክ ገና ጉድለቱ እንዳልታረመ አስጠነቀቀ። ሂትለርን በዚህ ዓመት በምሥራቅ ማጥቃት ለምን አስፈለገ ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀው። አልተደመጠም፤ በጁላይ 5 ማጥቃቱ ተጀመረ፤ ብዙዎቹ ፓንተሮች ከጠላት ጥይት ይልቅ በገዛ ሞተራቸው ብልሽት ቆሙ። ጉደሪያን ልክ ነበር።

ልክ መሆኑ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሰውየው ፈሪ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን አልፈራም። ስለ ታንክ ብዛት ይከራከራል፣ ስለ ሞተር ይከራከራል፣ ስለ ግንባር አሰላለፍ ጠረጴዛ ይደበድባል። ስለ አንድ ነገር ብቻ አይከራከርም፤ ይህ ሁሉ ታንክ ለምን ዓላማ እንደሚሰለፍና እርሱ የሚተኛበት ቤት የማን እንደ ነበረ። ድፍረቱ አጥር ነበረው። የአጥሩን ልክ ያበጀው ምን እንደ ሆነ ሳስብ፣ ያ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ከዓይኔ አይጠፋም።

በ1943 ዓ.ም. በሂትለር ላይ የሚያሤሩት ሰዎች ቀርበው አነጋገሩት፤ አልተባበራቸውም። በጁላይ 20 ቀን 1944 ዓ.ም. ቦምቡ ፈነዳ፤ ሂትለር ግን ተረፈ። በማግሥቱ ጉደሪያን ተጠባባቂ ኤታማዦር ሹም ተደርጎ ተሾመ። ቀናት ሳይቆይም የኤታማዦር መኮንን ሁሉ በአስተሳሰቡና በምግባሩ አርአያ የሚሆን ናዚ መሆን እንዳለበት የሚያዝ መመሪያ በስሙ አወጣ።

ያ ሆፕነርስ? በዚያች በጁላይ 20 ቀን ከአሤሪዎቹ ጋር ነበር። እንዳይለብስ የተከለከለውን የደንብ ልብሱን በሻንጣ ይዞ በርሊን ወደሚገኘው የጦር መሥሪያ ቤት ሄደ፤ እዚያም ለበሰው። ነገሩ ሲከሽፍ ራሱን እንዲገድል ሽጉጥ ቢቀርብለት አልፈልግም አለ። በኦገስት 7 እና 8 በሕዝብ ፍርድ ቤት ተብዬው ፊት ቆመ። ለማዋረድ ሲሉ በአሮጌ ሹራብ አቀረቡት። በኦገስት 8 ቀን በፕሎትዘንዜ ወኅኒ ቤት ተሰቀለ።

በእነዚያው ሳምንታት «የክብር ችሎት» የሚባል ተቋቁሞ ነበር። በፊልድ ማርሻል ሩንድሽቴት ሰብሳቢነት የተቀመጡ ጄኔራሎች፣ በሤራው የተጠረጠሩትን መኮንኖች ከጦሩ ያስወጣሉ። ለምን? ወታደር የሚዳኘው በወታደር ፍርድ ቤት ነውና። ከጦሩ ስሙ ከተሰረዘ ግን ለሕዝብ ፍርድ ቤቱና ለገመዱ ይተላለፋል። ተከሳሾቹ በችሎቱ ፊት አይቀርቡም፤ ቃላቸው አይሰማም፤ ወረቀት ይነበባል፣ ስም ይሰረዛል። ከሃምሳ በላይ መኮንኖች እንዲህ ተሰረዙ። ከዳኞቹ አንዱ ጉደሪያን ነበር። በኋላ በማስታወሻው፣ እንዲያ ያለውን ሥራ ሳይወድ እንደ ሠራና በተቻለው መጠን ለመራቅ እንደ ሞከረ ጽፏል። ሊሆን ይችላል። ስሙ ግን ከችሎቱ ዝርዝር ውስጥ አለ።

የቀረው ታሪክ በፍጥነት ያልቃል። በጃንዋሪ 1945 ሶቭየቶች በቪስቱላ ወንዝ ላይ ሊያጠቁ እንደ ተዘጋጁ ደጋግሞ አስጠነቀቀ፤ ሂትለር አላመነውም። በጃንዋሪ 12 ጥቃቱ ተጀመረ፤ በዚያው ወር የጉደሪያን ባለቤት ከዳይፐንሆፍ ሸሹ። ከባለቤቶቹ የተነጠቀው ርስት ከእርሱም እጅ ወጣ። በማርች 28 ቀን ስለ ኩስትሪን ውጊያ ከሂትለር ጋር ተጯጯኸ፤ ለስድስት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ውጣ ተባለ። ሁለተኛው መሻር ይህ ነው። ስድስቱ ሳምንት ሳይሞላ ሂትለርም ሞተ፣ ጦርነቱም አበቃ። ጉደሪያን በሜይ 10 ለአሜሪካኖች እጁን ሰጠ፤ በ1948 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት በሞላበት ዕለት ተለቀቀ። ለፍርድ አልቀረበም። በ1951 ዓ.ም. ማስታወሻውን አሳተመ፤ በ1954 ዓ.ም. ሞተ።

በመዝገብ ቤት ያነበብኩት መጽሐፍ ያ ነው። በውስጡ ስንት ታንክ በየትኛው ወር እንደ ተሠራ አለ። ከሂትለር ጋር የተደረገው ጭቅጭቅ ሁሉ አለ። ፖለቲካ ኮሚሳሮችን ያለ ፍርድ ግደሉ የሚለው ትእዛዝ ወደ ጦሬ አልደረሰም የሚል ቃልም አለ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ያገኟቸው ሰነዶች ግን በጦሩ ውስጥ ይፈጸም እንደ ነበር ይመሰክራሉ። በየወሩ ስለሚገባው 2000 ራይኽስማርክ የሚናገር ገጽ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ሒሳቡን ሁሉ አስተካክሎ አንዷን ቫውቸር ብቻ ከፋይሉ ያወጣ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በሙያዬ አውቀዋለሁ። የጠፋችው ቫውቸር ናት ሒሳቡ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እኔን ከዚህ ሰው ጋር ማነጻጸር ሚዛን የሳተ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። በእኔ እጅ የጠፋ ነፍስ የለም፤ የተወረረም አገር የለም። ቢሆንም ትንሽ መስተዋትም ፊት ያሳያል።

በአሥራ ዘጠነኛው ወር ስልክ ተደወለልኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ያለፈው አለፈ፣ ልምድህ ያስፈልገናል፣ ና ተባልኩ። ሄድኩ። ማዕረግ ተጨመረልኝ፣ የኃላፊነት አበልም ተጨመረልኝ። በመዝገብ ቤት ሳለሁ ደመወዜ ያልተቀነሰው ለምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ክሩ አልተበጠሰም ነበር፤ ረዘመልኝ እንጂ። ሥራዬንም በትጋት ሠራሁ። በስብሰባ ላይ እከራከራለሁ፤ ስለ ወለድ ምጣኔ፣ ስለ ቅጽ አሞላል፣ ስለ ሠራተኛ እጥረት። «ደፋር ነው» ይሉኛል። አዎ፣ ደፋር ነኝ፤ እስከ አጥሩ ድረስ።

በዓመቱ የሦስት ሰዎች የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ተደረግሁ። የመጣልን ጉዳይ የአንድ ወጣት ሠራተኛ ነበር። የክሱ ወረቀት «ሥራ በማጓተት» ይላል። ፋይሉን ሳገላብጥ፣ ከብዙ ወረቀት ሥር፣ ልጁ በአንድ የመያዣ ግምት ላይ የጻፋትን ማስታወሻ አየሁ። «አልስማማም» ትላለች። የእኔን ቃል በእኔ ቀለም የጻፈ መሰለኝ። ልጁን ጠርተን አላነጋገርነውም፤ ሰዓት አልነበረንም። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ቀረበ። ሁለቱ ፈረሙ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

ፈረምኩ።

ሳልወድ ነው ልል እችላለሁ። እኔ ባልፈርምም በሁለት ድምፅ ያልፍ ነበር ልል እችላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ አንድ ሌላ ሰው ከእኔ በፊት በሚያምር ቋንቋ በመጽሐፍ ጽፎታል።

ባለፈው ጥቅምት ልጁን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እርሱ ግን ቀረብ ብሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለኝ። ማን እንደ ፈረመ አያውቅም። ሌላ ቦታ ሥራ እንዳገኘ፣ እናቱ ደኅና እንደ ሆኑ ነገረኝ። ተራው ሲደርስ «ግቡ ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜም አልነገርኩትም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚያ ጄኔራል ለማስተማር አይደለም። አንዲት ቫውቸር ከፋይሉ እንዳትጎድል ብዬ ነው። ልጁ ይህን ቢያነብ ራሱን ያውቃል። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው።

ሲዘጋብኝ ደጁ እውነት በእጄ ነበር፤
ሲከፈትልኝ ግን ጥዬው ገባሁ ከበር።
መሻርስ ቀላል ነው፣ ያልፋል እንደ ክረምት፤
ክፉውስ መመለስ፣ ዝምታ የገዙበት።